ጀልባዋ የማትወደው ወንበር

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሚሻገሩ ትንንሽ የሞተር ጀልባዎች ላይ ተሳፋሪው ሁሉ የሚሻማው የፊት አግዳሚውን ነው። ሠሪውን ከየትኛውም ወንበር በላይ የሚያስቸግረውም እሱው ነው።

ጣና ጠዋት ጭምት ነው። ነፋሱ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ወደ ገዳማቱ የሚሻገር ሰው በማለዳ ይመጣል። ባለ ጣሪያ የሞተር ጀልባዎች አፍንጫቸውን ወደ ድንጋዩ አስጠግተው ይጠብቁታል። ሲሳፈሩ የሚታየው ሁልጊዜ አንድ ነው። ወጣቶቹ ስልካቸውን እንደያዙ ወደ ፊት ይሽቀዳደማሉ፤ ነጠላ ያጣፉ እናቶች መሀሉን ይይዛሉ፤ ዘግይቶ የደረሰ ከሞተሩ አጠገብ፣ ከቤንዚኑ ሽታ ጋር ይቀመጣል። ገመዱ ሳይፈታ የጀልባዋ አፍንጫ ወደ ታች ደፋ ብሏል።

«የፊቱ በተለየ ዋጋ ነው ብላቸው እንኳ ይከፍላሉ» ይላል አንድ ካፒቴን። «እኔ ግን ቢቻለኝ ማንንም አላስቀምጥበትም ነበር።»

ከመነሻው ራቅ ብሎ፣ ሣሩ ላይ፣ በግንድ የተደገፈች አንዲት ጀልባ አለች። ርዝመቷ 6 ሜትር ገደማ ነው፤ ከላሜራ የተበየደች፣ ሆዷ ጠፍጠፍ ያለ። የድሮው የፊት ወንበሯ ተነቅሎ ከጎኗ ተጥሏል። ቺፑዱ አብጦ ተሰነጣጥቋል፣ ስፖንጁ ውሃ ጠጥቶ ሁለት እጅ ከብዷል፣ ምስማሩ ዝጎ የወንበሩን ልብስ በልቶታል። የጎብኚው ቁጥር እንደ ድሮው ባይሆንም ባለንብረቱ ለሠርግ የሚፈለግ ጀልባ ሥራ አያጣም ብሎ አዲስ ወንበር አዝዟል። «ሦስት ሰው የሚይዝ፣ ሙሽራ የማያሳፍር» ነው ያለው።

ወንበሩን እንዲሠራ የታዘዘው በያጅ ሜትሩን ኪሱ እንደከተተ ነው። መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ወንበሩ አልነበረም። «ጋሼ፣ ይቺ ጀልባ ባዶዋን ስትቆም ውሃው እስከ የት ይደርሳል?»

ክብደቱ የት ይረፍ?

ጥያቄው ለወግ የተጠየቀ አይደለም። ለቤት ወንበር የሚሠራ አናጢ ወለሉ ከቦታው እንደማይነቃነቅ ያውቃል። ጀልባ ላይ ወለሉ ራሱ በተቀመጠበት ሰው ልክ ይዘነብላል። ግንድ ላይ በቆመች ጀልባ ውሃ ልክ ተይዞ የተሠራ ወንበር፣ ጀልባዋ ሐይቁ ላይ ስትወርድ አጋድሎ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የሚቀድመው ጀልባዋን ሞተሯንና ነዳጇን እንደያዘች ውሃ ላይ አቁሞ ውሃው የደረሰበትን በሁለቱም ጎን በቀለም ማስመር ነው። መሬት ስትወጣ ያ መስመር ቀጥ እስኪል ግንዱ ከፍ ዝቅ ይደረጋል። ውሃ ልክ እውነቱን የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ክብደት ይመጣል። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ለተሳፋሪ ጀልባዎች ሒሳብ የሚይዘውን የአንድ ሰው አማካይ ክብደት እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ከ160 ወደ 185 ፓውንድ ከፍ አድርጎታል፤ ወደ 84 ኪሎ መሆኑ ነው። ሰው ወፍሯል፣ ጀልባው ግን ያው ነው። በዚህ ልክ የፊት አግዳሚ ላይ ሦስት ሰው ሲቀመጥ ከ250 ኪሎ በላይ አፍንጫው ላይ ያርፋል። ችግሩ የክብደቱ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ከመሀል ምን ያህል ርቆ መቀመጡ ነው። ሚዛን ላይ ጫፍ የተቀመጠ ትንሽ ድንጋይ መሀል ያለውን ትልቅ ድንጋይ እንደሚያነሳው፣ ጀልባም ከጫፏ ትነካለች።

የሞተር ጀልባ በዝግታ ስትሄድ ውሃውን እየገፋች ነው። ፍጥነት ስትጨምር አፍንጫዋ ይነሳና ውሃው ላይ ወጥታ መንሸራተት ትጀምራለች፤ ያኔ የሚሸከማት ከመሀሏ ወደ ኋላ ያለው ሆዷ ነው። አፍንጫዋ ላይ መጠነኛ ክብደት ካለ ይህን የመነሳት ዳገት ቶሎ ታልፈዋለች፤ ካፒቴኖች አልነሳ ሲላቸው «እስቲ ሁለታችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ» የሚሉት ለዚህ ነው። ክብደቱ ሲበዛ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አፍንጫዋ ውሃ ማረስ ትጀምራለች፤ መሪው ይቅበጠበጣል፣ ትንሽ ስትጠመዝዘው ብዙ ይዞራል። ከኋላ ማዕበል ሲገፋት ደግሞ የፊቱን ውሃ ቀድታ ወደ ውስጥ ልታስገባ ትችላለች።

ጣና ላይ የሚጨመር አንድ ነገር አለ። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ ተራ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛው ሞተር እዚህ የሚሰጠው 33 ገደማ ነው ማለት ነው። ባሕር ዳርቻ አገር ተሠርታ በሥዕል የምትታይ፣ ፊቷ ላይ ሰፊ ሶፋ የተዘረጋላት ጀልባ ትርፍ ጉልበት አላት። የሐይቃችን ጀልባ ያ ትርፍ የላትም። ሥዕሉን በስልኩ ይዞ የመጣ ባለንብረት ይህን ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል።

> «ወንበሩን ከመሥራቴ በፊት ጄሪካን ነው የማስቀምጠው። ጄሪካን አይዋሽም፣ አይንቀሳቀስም፣ ፎቶ ልነሳ አይልም።»

በያጁ የሚያደርገው ሙከራ ቀላል ነው። 20 ሊትር የሚይዙ ቢጫ ጄሪካኖችን በሐይቁ ውሃ ይሞላል፤ እያንዳንዱ 20 ኪሎ ነው። ሁለት ሰው ለመተካት ስምንት፣ ሦስት ሰው ለመተካት አሥራ ሦስት ያህል ወንበሩ ሊሆን በታሰበበት ቦታ ይደረድርና ካፒቴኑ እንዲነዳ ያደርጋል። ከዚያ ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ይስብና እንደገና ያስነዳዋል። ይህን የሚተካ ስሌት አለ፤ መሐንዲሶች በወረቀት ይሠሩታል። ለአንዲት የላሜራ ጀልባ ግን ከጄሪካኑ የተሻለ አማካሪ አላየሁም።

አፍንጫ ላይ የሚመታው

ከሰዓት ተመላሽ ተሳፋሪዎችን ያየ ሰው የፊት ወንበሩን ሌላ ገጽ ያውቀዋል። ጠዋት በሳቅ የተያዘው ቦታ አሁን የሚጮኽበት ቦታ ነው። ማዕበል ላይ ጀልባ እንደ አንድ ነገር ወደ ላይና ወደ ታች አትሄድም፤ ከኋላዋ ቀረብ ያለ ነጥብ ላይ እየተንጠለጠለች አፍንጫዋ ይነሳል፣ ይወድቃል። ከዚያ ነጥብ በራቅህ መጠን የምትወድቅበት ከፍታ ይጨምራል። ካፒቴኑ ወገቡ ደህና ሆኖ ሲነዳ ከፊቱ ያሉት ይዘላሉ።

ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የብሪታንያ የባሕር አደጋ መርማሪ መሥሪያ ቤት ለመዝናናት በፈጣን የጎማ ጀልባ ተሳፍረው የአከርካሪ አጥንታቸው ስለተሰበረ ሰዎች ምርመራ አድርጓል። የሚሰበረው ብዙ ጊዜ ወገብ አካባቢ ያለው አጥንት ነው፤ ምክንያቱም ተቀምጦ የሚዘል ሰው ሲወድቅ ምቱን የሚቀበልለት ጉልበት የለውም። የጣና ጀልባዎች ያን ያህል ፈጣኖች አይደሉም፣ ማዕበሉም የውቅያኖስ አይደለም። ሆዳቸው ጠፍጣፋ መሆኑ ግን ይታሰብ።

የሆድ ቅርጽ ታሪክ የራሱ ጀግና አለው። ሬይ ሀንት የተባለው አሜሪካዊ የጀልባ ነዳፊ ሆዱ እስከ ኋላ ድረስ ሾል ብሎ የሚወርድ ጀልባ ሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ከማያሚ እስከ ናሶ በተደረገ ውድድር «ሞፒ» የተባለችው የዚህ ንድፍ ልጅ በከባድ ማዕበል አሸነፈች። ሾሉ ሆድ ውሃውን ይሰነጥቀዋል፤ ጠፍጣፋው ይመታዋል። ታዲያ ለምን ሁሉም ሾል አላለም? ሾሉ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል፣ ጥልቅ ውሃ ይፈልጋል፣ ቆሞ ሳለም ይወዛወዛል። ጉልበቱ በአየር ለተሸረፈበትና ዳርቻው ጥልቀት ለሌለው ሐይቅ ጠፍጣፋው የሞኝ ምርጫ አይደለም። ዋጋውን የሚከፍለው ግን የፊት ወንበሩ ነው።

«ስፖንጅ ጨምርበት» የሚለው የመጀመሪያው መልስ ነው፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ወንበር የሚበላሸው። ወፍራምና ለስላሳ ስፖንጅ ሱቅ ውስጥ ሲጫኑት ደስ ይላል። ጀልባ ላይ ግን ሰውነት ስፖንጁን ሰንጥቆ ወርዶ ጣውላውን ያገኘዋል፤ ያውም መጀመሪያ ከነበረው በበለጠ ፍጥነት። የሚሻለው ከሥር ጠንካራና ውሃ የማይጠጣ ፎም፣ ማለትም እንደ ስፖርት ምንጣፍ ያለውን፣ ከላይ ደግሞ ሳሳ ያለ ለስላሳ ማድረግ ነው። ከሁለቱም በላይ የሚጠቅመው ግን እግር የሚረግጥበትና እጅ የሚይዘው ነገር መኖሩ ነው። እግሩን ተክሎ ብረት የጨበጠ ሰው በጉልበቱ ይነሳና ምቱን ይቀበላል።

መነኩሲትን ከፊት ያስነሳ ካፒቴን አይቻለሁ። «እማሆይ፣ እርስዎ መሀል ይምጡ፤ ከፊት ያናጋዎታል» አላቸው። እሳቸው «ልጄ፣ ውሃውን ላየው ነው» ቢሉም ተነሱ።

እግር፣ ጎን፣ ዐይን

ሰው ተመችቶት የሚቀመጥበት ከፍታ ከወለል 40 እስከ 45 ሴንቲሜትር ነው። ጀልባ አፍንጫ ላይ ይህ ቁጥር ጠላት ያፈራል። ሆዱ ወደ ፊት ሲሄድ እየጠበበ ወደ ላይ ስለሚነሳ ወለሉም አብሮ ይነሳል፤ በዚያ ላይ 45 ሴንቲሜትር ከጨመርክ የተቀመጠው ሰው ወገቡ ከጀልባዋ ጎን በላይ ይሆናል። አንድ ማዕበል ሲያናጋው የሚደገፈው ነገር የለም። ወንበሩን ዝቅ ብታደርገው ጉልበቱ ወደ ደረቱ ይመጣል፣ ጀርባው ይጎብጣል፤ ጎብጦ የተቀመጠ አከርካሪ ደግሞ ምት አይችልም።

መውጫው አንድ ነው፤ ወንበሩን ወደ ኋላ መሳብ። ወለሉ ዝቅ ብሎ፣ ጎኑ ከፍ ብሎ፣ እግር ተዘርግቶ የሚያርፍበት ቦታ እስኪገኝ ድረስ መሳብ። ጄሪካኖቹም ወደዚያው ነበር የገፉን። በያጁ በመጨረሻ ምልክት ያደረገበት ቦታ ባለንብረቱ ከጠቆመው አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ነው። ከፊቱ የቀረው ሦስት ማዕዘን ቦታ መልሕቁንና ገመዱን ይይዛል። እምቦጭ ሲያጋጥምና ሞተሩ ሲታፈን ቀርከሃ ይዞ የሚገፋ ሰውም መቆሚያ ያገኛል።

ሦስተኛው ከልካይ የካፒቴኑ ዐይን ነው። የጀርባ መደገፊያ ከፍ ሲል ያምራል፤ ግን አፍንጫዋ በተነሳችበት ቅጽበት ካፒቴኑ ከፊቱ ያለውን ውሃ በሙሉ ያጣል። ከመሪ ቦታ የሚታየውን በተመለከተ የተጻፈ ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ፤ አይኤስኦ 11591 ይባላል። ጣና ላይ ግን ደረጃ ሳይጠቀስም ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከደንገል የተሠራ ታንኳ ከውሃው እምብዛም ከፍ አይልም፤ ላዩ ላይ ያለው ቀዛፊ ከሩቅ ነጥብ ነው። መረብ የሚዘረጋ ዓሣ አጥማጅም እንዲሁ። መደገፊያው ከተቀመጠው ሰው ወገብ ትንሽ ከፍ ብሎ ማብቃት አለበት፤ ወደ ኋላም 10 ወይም 15 ዲግሪ ቢያጋድል ይበቃዋል። ወንበሩ ለሚቀመጥበት ሰው ብቻ እንዳልሆነ ባለንብረቶች የሚዘነጉት እዚህ ላይ ነው።

> የፊት ወንበር የሚለካው ከተቀመጠው ሰው ብቻ ሳይሆን ከኋላው ከቆመው ካፒቴን ዐይን ነው።

ወንበር የሆነ በር

ዘጌ ስትደርስ ጀልባዋ በጎኗ አትጠጋም፤ አፍንጫዋን ወደ ድንጋዩ ትሰጣለች፣ ሰውም በዚያው ይወርዳል። ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚሄደው ምዕመን፣ ሕፃን ያዘለችዋ እናት፣ ሙዝ የጫነው ልጅ ሁሉ በፊት ወንበሩ ላይ ነው የሚያልፈው። ከውጭ አገር መጽሔት የተቀዳ ንድፍ ይህን አያውቅም፤ እነሱ ጀልባቸውን በጎኗ ከመድረክ ጋር ያስጠጋሉ።

ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋ አግዳሚ ስለዚህ እዚህ አይሠራም። ሰው ይረግጠዋል፣ በጭቃ ጫማ ይወጣበታል፣ ልብሱ በአንድ ክረምት ያልቃል። አዛውንትማ ለመሻገር በሁለት ሰው ይደገፋሉ። መሀሉ ተከፍቶ በግራና በቀኝ መቀመጫ፣ በመካከል መተላለፊያ ሲሆን ግን ወንበሩ በርነቱን ያገኛል። የመቀመጫው የውስጥ ጠርዝ ላይ የተበየደ ቱቦላሬ መያዣ ሲወርዱም ሲናጡም ያገለግላል።

ልኩን ማንሳት የራሱ ጥበብ ነው። የጀልባ ውስጥ አንድም ቀጥ ያለ ማዕዘን የለውም፤ ስኳድራ እዚህ ሥራ ፈት ነው። በያጁ የቴሌቪዥን ካርቶን ቀድዶ ጎኑ ላይ ያስጠጋል፣ በሹል እንጨት የጎኑን ቅስት በነጥብ በነጥብ ካርቶኑ ላይ ያነሳል፣ ነጥቦቹን አገናኝቶ ይቆርጣል። ግራው ቀኙን አይመስልም፤ በእጅ የተበየደች ጀልባ ነችና ሁለቱም ለየብቻ ይነሳሉ። ካርቶኑ ወንበር ሆኖ ከቆመ በኋላ ሠፈሩ ውስጥ ካሉት ወፍራሙም አጭሩም ተጠርተው ይቀመጡበታል። ስህተት ካርቶን ላይ ርካሽ ነው።

ውሃ የጠጣ ነገር

ቺፑድ ለጀልባ አይሆንም፤ ይህን ለማወቅ የተነቀለውን ወንበር ማየት ይበቃል። ጥሩ ኮምፔንሳቶ ይሆናል፤ ግን ውሃ የሚጠጣው በፊቱ ሳይሆን በተቆረጠው ጠርዙና በተበሳው ቀዳዳው ነው። ጠርዙ ኢፖክሲ ሁለት ሦስት ጊዜ ካልጠጣ፣ ፊቱን ምንም ብትቀባው ዋጋ የለውም። ብረቱ ንጹሕ ውሃ ላይ ከባሕር ያነሰ ይዝጋል እንጂ መዛጉ አይቀርም፤ ጸረ ዝገት ቀለም ከብየዳው በኋላ እንጂ በፊት ተቀብቶ አይተዉትም።

የወንበር ልብስ ሰፊዋ የመኪና ወንበር ስታለብስ የኖረች ናት። ሁለት ነገር ብቻ ነው የጨመረችው። ክሩን ከጥጥ ወደ ፖሊስተር ለወጠችው፤ ጥጥ በእርጥበትና በፀሐይ ይበሰብሳልና። የትራሱን ሥር ደግሞ በወንፊት መሰል ጨርቅ ሠራችው፤ የገባው ውሃ መውጫ እንዲያገኝ። ጥቁር ልብስ የፈለገውን ባለንብረት «ጋሼ፣ በሰባት ሰዓት ማን ይቀመጥበታል?» ብላ አስቀየረችው። ከፍታ ላይ የፀሐይ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይበረታል፤ ሰው ሠራሽ ቆዳው መጀመሪያ የሚሰነጠቀው በዚሁ ነው። የማይዝግ ስቴፕል በገበያው ስላልተገኘ ጭራሽ ስቴፕል አልተጠቀመችም፤ ልብሱ ከሥሩ በገመድ ይሳባል፣ ሲቆሽሽ ይፈታል።

ትራሱ ማታ ማታ ወጥቶ መድረቅ አለበት። ይህን ለጣና ሰው ማስረዳት አይከብድም። ታንኳም ውሃ ትጠጣለች፤ የጉዞዋ ቀን ሲያልቅ ወጥታ ፀሐይ ላይ የምትሰጣው ለዚህ ነው። ቀዛፊውም የሚቀመጠው ከውሃው ከፍ እንዲያደርገው በተጨመረለት የደንገል ነዶ ላይ ነው። ሐይቁ ላይ ለልክ የተሠራ መቀመጫ ሲፈለግ የታንኳ ሠሪዎቹ ከሁላችን ይቀድማሉ።

ከወንበሩ ሥር

ከመቀመጫው ሥር ሳጥን ይሠራል፤ ባዶ ቦታ የሚወድ ባለንብረት የለም። መጀመሪያ የሚታሰበውም ላይፍ ጃኬት ማስቀመጥ ነው። እኔ ከዚህ ሐሳብ ጋር አልስማማም። አደጋ ሲመጣ ሰው የሚያደርገው የተቀመጠበትን ጨምድዶ መያዝ ነው፤ ጃኬቱን ለማውጣት ደግሞ ያ ሰው ተነስቶ ክዳኑ መከፈት አለበት። ጃኬት ከጣሪያው ሥር ይንጠልጠል፤ ከሁሉም የሚሻለው ግን ሰውነት ላይ ነው። ሳጥኑ ገመድ፣ መቅጃ ጣሳና የእጅ ባትሪ ይያዝ፤ ሥሩ ላይ ውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ይኑረው።

ወይም ፎም ይሞላበት። እ.ኤ.አ. በ1958 ገበያ የወጣችው ቦስተን ዌይለር ሆዷ በፎም የተሞላ ትንሽ ጀልባ ነበረች፤ በንድፏም ያው ሬይ ሀንት እጁ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1961 ላይፍ መጽሔት የኩባንያውን ባለቤት፣ ጀልባዋ ለሁለት በመጋዝ ስትቆረጥ እሱ ግማሿ ላይ ተቀምጦ ሲሄድ አሳይቶ አገር ጉድ አለ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ተንሳፋፊው ፎም በሙሉ አፍንጫዋ ላይ ከታጨቀ፣ ውሃ የሞላች ጀልባ በሞተሯ ክብደት ወደ ኋላዋ ሰጥማ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ትተክላለች፤ የሚይዛት ሰው መያዣ ያጣል። ፎሙ ከፊትም ከኋላም፣ በጎንና በጎን ይከፋፈል።

ሁለት ወይስ ሦስት?

የመጨረሻው ክርክር ስለ ቁጥር ነው። «ከሁለት ሰው በላይ አይቀመጥም» የሚል ጽሑፍ ተሳፋሪ አያነብም፤ ያነበበም አይሰማም። ሰው የሚታዘዘው ስፋትን ነው። መቀመጫው 50 ሴንቲሜትር ከሆነ አንድ ሰው ይቀመጣል፤ 75 ከሆነ ሁለት ሰው ተጠጋግቶ ይሞክረዋል። በያጁ በግራም በቀኝም 50 አደረገው። በጄሪካኖቹ ሙከራ ስምንቱ ሲጫኑ ጀልባዋ ቀለል ብላ ተነስታ ነበር፤ አሥራ ሦስቱ ሲጫኑ ውሃ እየረጨች ነበር የመጣችው።

ባለንብረቱ ዳር ቆሞ ሁለቱንም አይቷል። ቢሆንም መተላለፊያው ላይ የምትጣል አንዲት ጣውላ ትሠራልኝ አለ። «ሙሽሪትና ሙሽራው ተለያይተው ሊቀመጡ ነው እንዴ?»

ካፒቴኑ ተስማማ፤ በሠርግ ቀን ጀልባዋ ለፎቶ በዝግታ ነው የምትሄደው፣ ጠዋት ከሆነም ማዕበል የለም። ጣውላዋ ግን ሌላ ጊዜ ጀልባዋ ላይ እንዳትገኝ፣ ከባለንብረቱ ቤት ትቀመጥ ብሏል። ሚዜዎቹ ደግሞ ሙሉ ልብሳቸውን እንደለበሱ ከሞተሩ ጋር ይቀመጣሉ።